አጥንትም ምግብ ይሻል

ከብት ታርዶ ሥጋው ሲያልቅ አጥንቱ እንደ ደረቅ እንጨት ይጣላል። ስለዚህ አጥንት ሕይወት የሌለው ነገር ይመስለናል። በሕይወት ባለ ሰው ውስጥ ግን እንዲህ አይደለም። አጥንት እንደ ጎጆ ክዳን ነው። አሮጌው ሣር እየተነሣ በአዲስ ይተካል። አዲስ ሣር ከጠፋ ክዳኑ ይሳሳል፤ አጥንትም እንደዚሁ።

ይህንን ደህና አድርጎ የሚያሳየን አንድ በሽታ አለ። ሲስቲክ ፋይብሮሲስ ይባላል። በብዛት የሚገኘው በአውሮፓና በአሜሪካ ነው። ከሰው ወደ ሰው አይጋባም፤ ከእናትም ከአባትም በዘር ይወረሳል። የበሽተኛው ላብ በጣም ጨዋማ ነው። የጥንት አውሮፓውያን፣ ግንባሩ ሲሳም ጨው ጨው የሚል ሕፃን አያድግም ይሉ ነበር። እውነታቸውን ነበር። ዶሮቲ አንደርሰን የተባሉ አሜሪካዊት ሐኪም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1938 በሽታውን ለይተው ሲገልጹት፣ አብዛኞቹ ታማሚዎች በሕፃንነታቸው ይሞቱ ነበር። ዛሬ በአሜሪካ ከታማሚዎቹ ከግማሽ በላይ አዋቂዎች ናቸው። ዕድሜ ሲረዝም ታዲያ የአጥንት ጣጣ መጣ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሽታው በሰውነት ውስጥ ያለውን ፈሳሽ እንደ ሙጫ ያወፍረዋል። ከቆሽት ወደ አንጀት ወርዶ ቅባት የሚፈጨው ፈሳሽ መንገዱ ይዘጋል። ሰውየው ይበላል፤ ቅባቱ ግን ሳይፈጭ ከሰገራ ጋር ይወጣል። ቪታሚን ዲ የተባለውም ከቅባት ጋር ስለሚጓዝ አብሮ ይወጣል። ያለ እርሱ ደግሞ አንጀት ከወተትና ከጎመን የሚገኘውን፣ አጥንትን የሚያጠነክረውን ካልሲየም በደንብ አይወስድም። ጠግቦ የበላ ሰው አጥንቱ ይራባል ማለት ነው።

ክፉው ነገር ከዚህ በኋላ ይመጣል። የእነዚህ ሰዎች ሳንባ ወፍራም አክታ ያጠራቅማል። በየቀኑ በኃይል ስለው ማውጣት አለባቸው። አጥንቱ ከሳሳ ሳሉ ራሱ የጎድን አጥንት ሊሰብር ይችላል። ጎድኑ የተሰበረ ሰው ሕመሙን ፈርቶ አይስልም። ካልሳለ አክታው እዚያው ይቀራል። አክታው ሲቀር ሳንባው ይመረቅዛል።

የአጥንት መሳሳት እኮ አያምም፤ እስኪሰበር ድረስ አይታወቅም። ስለዚህ ሐኪሞች የአዋቂዎቹን አጥንት በራጅ መሣሪያ ይለካሉ። ከምግብ ጋር የሚዋጥ መፍጫ መድኃኒትም ይሰጣሉ። መድኃኒቱ የሚሠራው ከአሳማ ቆሽት ነው፤ ይህን ሲሰማ የሚደነግጥ ይኖር ይሆናል። ቪታሚን ዲም ይጨመርላቸዋል። ፀሐይ ቆዳን ስትመታ ይኸው ቪታሚን በሰውነት ውስጥ ይሠራል፤ በሰሜን አውሮፓ ግን የክረምቱ ፀሐይ ደካማ ስለሆነች አትበቃም። በእግር መሄድና ሸክም ማንሣትም ይታዘዝላቸዋል፤ ምንም ጭነት የማይሸከም አጥንት እየሳሳ ይሄዳልና።