አሮጌ ቴላዮ፣ አዲስ ሹካ፦ የብስክሌት መሪ ፊዚክስ

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ተማሪ አባቱ በወጣትነታቸው ይነዱት የነበረ የብረት የውድድር ብስክሌት ይዞ ወደ ቤተ ሙከራችን መጣ፡፡ ብስክሌቱ ከተጋጨ በኋላ የፊት ጎማውን የሚይዘው ባለ ሁለት እግር ሹካ ተጣሞ፣ አናቱ ላይ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ወጥቶበታል፡፡ ተማሪው ያገለገለ ዘመናዊ ሹካ ቢገዛም ወደ ቴላዮው አልገባ ብሎታል፡፡ ጥገና የሚሠራ ሰው ደግሞ «ቱቦውን ማስፋት ነው» ሲል መክሮታል፡፡ ምክሩ ትክክል ነበርን? ሹካ በጉዞ ላይ ከተሰበረ ነጂው በፊቱ ተደፍቶ ስለሚወድቅ፣ ጥያቄው በጥንቃቄ ሊመረመር የሚገባው ነው፡፡

የአንገቱ አሠራር

ከሹካው አናት የሚነሣው የመሪ ቱቦ በቴላዮው የግንባር ቱቦ ውስጥ ያልፋል፡፡ በሁለቱ መካከል ከላይና ከታች ኩሽኔታዎች አሉ፤ መሪው ያለ ችግር የሚዞረው በእነርሱ ነው፡፡ በቀደሙት ብስክሌቶች የመሪ ቱቦው ውጫዊ ስፋት በአብዛኛው 25.4 ሚሊ ሜትር (1 ኢንች) ሲሆን፣ ጫፉ ጠመዝማዛ ጥርስ የወጣለት ነው፡፡ ኩሽኔታው በዳዶ ይጠብቃል፤ የእጀታው ዘንግም ወደ ቱቦው ውስጥ ገብቶ ይታሰራል፡፡ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ወዲህ የተስፋፋው አሠራር ግን ጥርስ የለውም፡፡ የቱቦው ስፋት በአብዛኛው 28.6 ሚሊ ሜትር ነው፤ እጀታውን የሚሸከመው ክፍልም ቱቦውን ከውጭ ያቅፈዋል፡፡ ከዚያም በኋላ ወደ ታች እየሰፋ የሚሄድ የመሪ ቱቦ ተለምዷል፡፡

አሁን ወደ «ማስፋት» እንመለስ፡፡ ለ28.6 ሚሊ ሜትር ቱቦ የሚሠራው የተለመደ ኩሽኔታ ኩባያ 34 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ቀዳዳ ይፈልጋል፡፡ የተማሪው ቴላዮ የግንባር ቱቦ ውስጣዊ ስፋት 30 ሚሊ ሜትር ያህል፣ ውጫዊ ስፋቱ ደግሞ 31.8 ሚሊ ሜትር ነበር፡፡ ስለዚህ ቀዳዳው 34 ከመድረሱ በፊት ቱቦው ራሱ ተልጦ ያልቃል፡፡ ምክሩ በሒሳብ ብቻ ውድቅ ሆነ፡፡

የአሥረኛ ሚሊ ሜትር ጉዳይ

ተማሪው በኋላ ባለ 1 ኢንች ሹካ አገኘ፤ ችግሩ ግን አላበቃም፡፡ የታችኛው ኩሽኔታ ቀለበት የሚቀመጥበት የሹካው ክፍል በሁለት የተለመዱ መጠኖች ይሠራል፤ አንዱ 26.4፣ ሌላው 27.0 ሚሊ ሜትር ነው፡፡ ልዩነቱ 0.6 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፡፡ የ26.4 ቀለበት በ27.0 መቀመጫ ላይ በመዶሻ ቢገባ ብረቱ 2.3 በመቶ መለጠጥ አለበት፡፡ ተራ ብረት ወደ መልኩ ሊመለስ የሚችለው ከመቶ አንድ እጅ እጅግ ያነሰ ሲለጠጥ ነው፤ ጠንካራው የኩሽኔታ ብረት እንኳ ወደ 1 በመቶ ገደማ ሲደርስ ወሰኑን ይነካል፡፡ ስለዚህ ቀለበቱ ይሰነጠቃል፡፡ በተቃራኒው የ27.0 ቀለበት በ26.4 መቀመጫ ላይ ቢደረግ ይላላል፤ በእያንዳንዱ ፍሬን ይንቀጠቀጣል፡፡

መላላቱ ለምን ያሳስባል? 80 ኪሎ ግራም የሚመዝኑ ነጂና ብስክሌት በፊት ፍሬን አጥብቀው ቢቆሙ፣ ጎማው ከመሬት ጋር ሲገናኝ 400 ኒውተን ያህል ወደ ኋላ የሚገፋ ኃይል ሊቀበል ይችላል፡፡ ይህ ቦታ ከታችኛው ኩሽኔታ በ70 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲርቅ፣ በሁለቱ ኩሽኔታዎች መካከል ያለው ርቀት ግን 13 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው፡፡ ሹካው ረጅም ማንሻ ሆነ ማለት ነው፡፡ የነጂው ክብደት ኃይሉን በከፊል ቢቃወመውም፣ በእያንዳንዱ ኩሽኔታ ላይ ከ1,000 ኒውተን በላይ ጫና ይደርሳል፡፡

ርዝመትም ይለካል

የገባ ሁሉ ልክ ነው ማለት አይደለም፡፡ መሪው የሚዞርበትን መስመር በሐሳብ እስከ መሬት ብናወርደው፣ ጎማው መሬት ከሚነካበት ነጥብ ፊት ያርፋል፡፡ የሁለቱን ነጥቦች ልዩነት «የመከተል ርቀት» እንበለው፤ የሆስፒታል አልጋ ትንንሽ ጎማዎች የሚገፏቸውን ሰው አቅጣጫ የሚከተሉት በዚሁ ምክንያት ነው፡፡ የጎማው ራዲየስ 340 ሚሊ ሜትር፣ የመሪው ማዕዘን 73 ዲግሪ፣ የሹካው ወደ ፊት መውጣት 45 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ የመከተል ርቀቱ 57 ሚሊ ሜትር ይሆናል፡፡ በ40 ሚሊ ሜትር የሚረዝም ሹካ ብንገጥም የቴላዮው ግንባር ይነሣል፤ ማዕዘኑ በ2 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል፤ የመከተል ርቀቱም ወደ 71 ሚሊ ሜትር ያድጋል፡፡ በዝግታ ሲሄዱ መሪው ይከብዳል፤ በጠባብ መታጠፊያም ወደ ጎን መውደቅ ይቀናዋል፡፡

እ.ኤ.አ. በ1970 ዴቪድ ጆንስ ይህን ርቀት ለብስክሌት ሚዛን ዋና ምክንያት አድርጎ አቀረበ፡፡ በ2011 በ«ሳይንስ» መጽሔት የወጣ ጥናት ግን ብስክሌት ያለ መከተል ርቀትና ያለ ጎማ ጋይሮስኮፕ ውጤት እንኳ ራሱን ሊያቆም እንደሚችል በሙከራ አሳየ፡፡ ሚዛን የክብደት አቀማመጥን ጨምሮ የብዙ ነገሮች ድምር ነው፡፡ ይህም አንዱን ክፍል ብቻ ለይተን ስንለውጥ ጥንቃቄ እንደሚያሻን ያስገነዝባል፡፡

ከመግዛት በፊት

አንባቢ ሆይ፣ ተመሳሳይ ሥራ ካሰቡ ከቦርሳዎ በፊት ቨርኒየር ካሊፐር ያውጡ፡፡ የግንባር ቱቦውን ውስጣዊ ስፋትና ቁመት፣ የመሪ ቱቦውን ውጫዊ ስፋት፣ የታችኛውን ቀለበት መቀመጫ፣ ከጎማው ዘንግ እስከ ሹካው አናት ያለውን ርዝመት፣ እንዲሁም የፍሬኑንና የጎማውን መገናኛ ይለኩ፡፡ አሮጌው ሹካ ጤነኛ ከሆነና የሚፈልጉት ዘመናዊ እጀታ ብቻ ከሆነ፣ ወደ አሮጌው ቱቦ የሚገባ 22.2 ሚሊ ሜትር ዘንግ ያለው ማገናኛ ይበቃል፤ ሹካውን መለወጥ አያስፈልግም፡፡ በጥርስ ላይ ግን ከውጭ የሚያቅፍ እጀታ ፈጽሞ አይሰሩ፤ በጥርሱ ሥር ኃይል ስለሚከማች ስብራት የሚጀምረው ከዚያ ነው፡፡

የተማሪያችን ሹካ መቀመጫ 27.0 ሆኖ ተገኘ፤ በተገቢው መሣሪያ ወደ 26.4 ተላገ፡፡ ርዝመቱም ከአሮጌው ጋር እኩል ነበር፡፡ ዛሬ የአባቱን ብስክሌት እየነዳ ይማራል፤ የተሰነጠቀው ሹካ ደግሞ በቤተ ሙከራችን መደርደሪያ ላይ ለማስተማሪያነት ተቀምጧል፡፡