ሙዳይ፦ ትንሿ ስፌት፣ ትልቋ አደራ



ልደታ የነበረው አሮጌው ቤታችን ሊፈርስ ዕቃችን በመኪና ሲጫን እናቴ አንዲት ነገር ብቻ በእጇ ያዘች። «ሌላው ይጫን፤ ይህችን እኔ ነኝ የምይዛት» አለች። በነጠላዋ ጫፍ የሸፈነቻት የጭብጥ ያህል የምታክል ሙዳይ ነበረች። በውስጧ ኩልና ከጋብቻዋ ቀን ጀምሮ ያኖረችው የብር ቀለበት አለ። ሙዳይዋን የሰፋችው ራሷ፣ ገና ልጃገረድ ሳለች ነው።

ዛሬ የእናቴ ዓይን ደክሟል። እኔ ደግሞ እጇ ደህና ሳለ ሙያውን አልተማርኩም። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝም ይኸው ጸጸት ነው።

ሙዳይ ምንድን ናት?

ከስፌት ዕቃዎች መካከል ትንሿ ሙዳይ ናት። መሶብ እንጀራ ይቀርብበታል፤ አገልግል ስንቅ ይይዛል፤ ሰፌድ እህል ያበጥራል። ሙዳይ ግን ኩል፣ ሽቶ፣ ጌጣጌጥና የተቋጠረ ገንዘብ የሚቀመጥባት፣ ክዳን ያላት የሴት ልጅ ምስጢረኛ ናት።

ሥራው ከሣሩ ይጀምራል። ክረምቱ ሲወጣ አክርማና ስንደዶ ተለቅሞ ይደርቃል። ለጌጥ የሚፈለገው በፈላ ውሃ ቀለም ይነከራል፤ በስፌት ጊዜም እንዳይሰበር ውሃ ይነካዋል። ከዚያ ጥቂት ሣር አንድ ላይ ተይዞ፣ ሌላ ሣር እየተጠመጠመበት፣ በወስፌ እየተበሳ ከበታቹ ካለው ዙር ጋር ይያያዛል። ከመሐል ተነሥቶ ዙር በዙር ያድጋል። ጌጡ የሚወጣው ቀለሙን በየዙሩ በመለዋወጥ ስለሆነ የምትሰፋው ሴት መቁጠር ይኖርባታል፤ ቁጥሩ ከተሳሳተ ጌጡ ይዛባል። ከሁሉም የሚከብደው ግን ክዳኑ ነው፤ ከጠበበ አይገጥምም፣ ከሰፋ ይወልቃል።

የሐረር እናቶች

የዚህን ሙያ ክብር ማየት የፈለገ ወደ ሐረር ይዝለቅ። በጁገል ግንብ ውስጥ በሚገኙት የሐረሪ ቤቶች ከእንግዳ መቀበያው ግድግዳ ጌጦች አንዱ በሴቶች እጅ የተሠራው ባለ ቀለም ስፌት ነው። ስፌት ከሠርግ ጋርም የተያያዘ የቤት ክብር ነው። ጁገል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ዓለም ያወቀው ግንቡን ብቻ ሳይሆን በቤቶቹ ውስጥ የሚኖረውን ይህን ባህል ጭምር ነው።

በእጅ ሠርቶ ማግኘት ለሙስሊም ሴት እንግዳ ነገር አይደለም። የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ባለቤት ዘይነብ ቢንት ጀሕሽ (ረ.ዐ) ቆዳ እያለፉና እየሰፉ ከእጃቸው ሥራ የሚያገኙትን ሰደቃ ይሰጡ እንደነበር ተዘግቧል።

ዋጋው እንዴት ይተመን?

ብዙ እህቶች የሣሩንና የቀለሙን ወጪ ብቻ ቆጥረው ድካማቸውን በነፃ ይሰጣሉ። ይህ ትክክል አይደለም። ለምሳሌ ለሣርና ለቀለም 100 ብር ወጥቶ ሥራው 12 ሰዓት ቢፈጅ፣ ሰዓቱም በ30 ብር ቢታሰብ፣ የድካሙ 360፣ ጠቅላላው 460 ብር ይሆናል። ከዚህ በታች የሸጠች እህት ከራሷ ላይ እየቀነሰች ነው። ገንዘብ ለማይፈልጉ ጓደኛሞች ደግሞ ሙዳይ በሙዳይ መለዋወጥ መልካም ነው፤ አንዷ የሌላዋን ጌጥ አይታ ትማርበታለች።

የመጀመሪያዋ ሙዳይ

ልጄ ከአያቷ ሥር ቁጭ ብላ መስፋት ጀመረች። እናቴ በዓይኗ ባታይም ዙሩን በጣቷ እየዳሰሰች «እዚህ ላይ ላልቷል፤ ፍቺው» ትላታለች። የመጀመሪያዋ ሙዳይ ስታልቅ አንዲት ጎረቤታችን ቀለሟን ወድዳ ልትገዛት መጣች። ገንዘቡን ልትከፍል ስትል እናቴ ክዳኑን ዳሰሰችና ለልጄ «ንገሪያት» አለቻት። ክዳኑ በአንድ በኩል ከፍ ብሎ ነበር፤ ጎረቤታችን አላየችውም። ልጄ አፍራ ተናገረች። ጎረቤታችንም ዋጋው ተቀንሶላት ወሰደቻት።

ልጅቱ አኩርፋ «ካላየችው ምን ነበረበት?» ብትላት፣ እናቴ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ እጃቸውን ወደ እህል ክምር ሰደው ከሥሩ ርጥበት ያገኙበትን፣ ሻጩንም ሰው እንዲያየው ከላይ ስላላደረገው የገሠጹበትን ታሪክ አጫወተቻት። ከዚያም «ሁለተኛዋን አስተካክለሽ ስፊ» ብላ ወስፌውን መለሰችላት።

እህቶቼ፣ በየቤታችሁ ስፌት የሚያውቁ እናቶችና አክስቶች ካሉ ነገ ዛሬ ሳትሉ ከጎናቸው ተቀመጡ። ሣሩ ከገበያ ይገኛል፤ የክዳኑ ግጣም ያለው ግን በእነርሱ ጣት ላይ ነው። አላህ ዕድሜያቸውን ያርዝምልን። አሚን።