የራሃድ ኩሬዎችና የጡረታ ዘመን፦ በሀዋታ ዳርቻ ዓሣ ለማጥመድ የሚሻ ምን ማወቅ ይኖርበታል?

ከኢትዮጵያ ደጋማ ምድር ተነስቶ ወደ ምሥራቅ ሱዳን የሚወርደው የራሃድ ወንዝ በገዳሪፍ ግዛት የምትገኘውን ሀዋታን እየታከከ ያልፋል። በክረምት ደፍርሶ ከዳር እስከ ዳር ይሞላል። በጋው ሲገፋ ግን ፍሰቱ ይቋረጥና በአሸዋው መካከል እዚህም እዚያም ኩሬዎች ብቻ ይቀራሉ። ዓሣውም የሚሰበሰበው በእነዚህ ኩሬዎች ውስጥ ነው።

ከሥራ ገበታው ለተሰናበተ ሰው እንዲህ ያለ ኩሬ ሁለት ነገር ይሰጣል፤ ለማዕድ የሚሆን ዓሣና ከቤት የሚያስወጣ ምክንያት። ሚያዝያ 7/2015 ዓ.ም. የተቀሰቀሰው የሱዳን ጦርነት የመጀመሪያውን ይበልጥ አንገብጋቢ አድርጎታል። ከጦርነቱ በፊት 1 ዶላር በ600 የሱዳን ፓውንድ ገደማ ይመነዘር ነበር። እአአ በ2024 በጥቁር ገበያ ከ2000 ፓውንድ በላይ ወጥቷል። በፓውንድ የተቆረጠ የጡረታ አበል የመግዛት አቅሙ ምን ያህል እንደተሸረሸረ ከዚህ መገመት አያዳግትም።

ይሁን እንጂ ኩሬው አደጋም አለበት። ደራሽ ውሃ፣ አዞ፣ ቢልሃርዚያና ካላዛር በዚህ አካባቢ ዓሣ አጥማጅን የሚጠብቁ እውነተኛ ስጋቶች ናቸው። ሲያጠምዱ መዋል የሚሹ አዛውንቶችና ቤተሰቦቻቸው ሊያውቋቸው የሚገቡ ነጥቦች እነሆ።

ወንዙ ለምን ይቆራረጣል?

ራሃድ የሚመነጨው ከጣና ሐይቅ በስተምዕራብ ካለው ከፍታ ነው። በኢትዮጵያ በኩል ሽንፋ በሚል ስም ይታወቃል። ድንበሩን ከተሻገረ በኋላ የገዳሪፍን ጥቁር አፈር አቋርጦ በዋድ መዳኒ አቅራቢያ ከጥቁር ዓባይ ጋር ይቀላቀላል። ውሃ የሚሞላው በአመዛኙ ከሐምሌ እስከ ኅዳር ባሉት ወራት ነው።

ከጥቁር ዓባይ ጋር የሚገናኘው ከታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ፣ ከሮዛይረስና ከሴናር ግድቦች በታች በመሆኑ እነዚህ ግድቦች የራሃድን ሙላት አይገሩትም። በመሆኑም የሀዋታ አጥማጅ ዛሬም የሚተዳደረው በኢትዮጵያ ደጋማ ስፍራዎች በሚጥለው ዝናብ ነው።

ሙላቱ ሲመጣ ዓሣዎች ለመራባትና ምግብ ለመፈለግ ሽቅብ ይወጣሉ፤ በጎርፍ ወደተጥለቀለቀው ሜዳም ይገባሉ። ውሃው ሲሸሽ ከፊሎቹ ወደ ትልቁ ወንዝ ይመለሳሉ፤ ከፊሎቹ ግን በኩሬዎች ታግደው ይቀራሉ። ከታኅሣሥ ጀምሮ ኩሬው በየሳምንቱ እየጠበበ ሲሄድ ማጥመዱ ይቀላል፤ የሚቀረው ዓሣ ቁጥር ግን ያንሳል።

ይህ ዘዴ ጥንታዊ ነው። እአአ በ2024 ‘ኔቸር’ በተሰኘው የሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት፣ በመተማ አካባቢ በሽንፋ ወንዝ ዳር የተገኘ የሰው መኖሪያ ስፍራን መርምሯል። በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲው ጆን ካፔልማን የተመራው ቡድን እንዳመለከተው፣ ከ74 ሺህ ዓመታት ገደማ በፊት በኢንዶኔዥያ የቶባ እሳተ ገሞራ በፈነዳበት ዘመን አካባቢው ይበልጥ ደርቆ ነበር። በዚያ ይኖሩ የነበሩ ሰዎች ታዲያ እየጠበቡ ከሚሄዱ ኩሬዎች የሚያጠምዱትን ዓሣ ከቀድሞው አብልጠው መመገብ ያዙ። ዛሬ መንጠቆውን ይዞ ወደ ራሃድ የሚወርድ ጡረተኛ በዚያው ወንዝ ላይ ያንኑ ስሌት ይከተላል ማለት ነው።

በየትኛው ውሃ የትኛው ዓሣ?

በወንዝ ዓሣ አጥማጆች ዘንድ ከፍተኛ ስም ያለው አዳኙ ናይል ፐርች ነው። ሱዳናውያን ‘ኢጅል’ ይሉታል፤ ትርጉሙ ‘ጥጃ’ ማለት ሲሆን ግዝፈቱን ለማመልከት የወጣ ስም ነው። እአአ በ2000 በግብፅ ናስር ሐይቅ በመንጠቆ የተያዘውና በዓለም ክብረ ወሰንነት የተመዘገበው ናይል ፐርች 104 ኪሎ ግራም ይመዝን ነበር። በኢትዮጵያ በጫሞ ሐይቅና በባሮ ወንዝ ይገኛል።

ናይል ፐርች ብዙ ኦክስጅን ያለው ውሃ ይሻል። በመሆኑም ለብ ባለና በደፈረሰ ትንሽ ኩሬ ውስጥ እርሱን መፈለግ ጊዜ ማባከን ነው። የሚፈለገው በጥቁር ዓባይ፣ በአትባራ እንዲሁም ዓመቱን ሙሉ በማይደርቁ ጥልቅ ስፍራዎች ነው።

አምባዛ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። አየር ከውሃው በላይ መሳብ የሚያስችል አካል ስላለው ሌሎች ዓሣዎች በሚሞቱበት ጭቃማ ውሃ ውስጥ ይሰነብታል። ቆሮሶ፣ በሱዳን አጠራር ‘ቡልጢ’፣ ሙቀትን በደንብ ይቋቋማል፤ በኩሬው ዳርና በሣር መካከልም ይገኛል። ባያድ የሚባለው ባለ ረጅም ጺም ዓሣ ደግሞ ሌሊት ሌሊት በወለሉ ላይ እየዞረ ያድናል።

እንዴት ይጠመዳል?

የመጀመሪያው ሥራ ኩሬውን መመልከት ነው። አዳኝ ዓሣ አድፍጦ የሚጠብቅ በመሆኑ ከሰመጠ ግንድ ሥር፣ ከድንጋይ ጥግ፣ ጥልቀቱ በድንገት ከሚጨምርበት ጠርዝና ከገደላማ ዳርቻ ጥላ አይርቅም። መንጠቆን በኩሬው መካከል ከመጣል ይልቅ እነዚህን ስፍራዎች ተራ በተራ መሞከር ይሻላል።

ሁለተኛው ጊዜ ነው። ናይል ፐርች በደብዛዛ ብርሃን ከሚያድነው ትንሽ ዓሣ የተሻለ ስለሚያይ ማለዳና አመሻሽ ይመቹታል። እጅግ በጠበበ ኩሬ ውስጥ ግን ጎህ ሲቀድ ዓሣዎች አፋቸውን ከውሃው በላይ አውጥተው ሲከፍቱ ይታያል። ይህ የረሃብ ምልክት ሳይሆን ሌሊቱን ኦክስጅን ማለቁን የሚያሳይ ነው። እንዲህ ያለ ዓሣ ማባበያ አይነካም፤ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ጥቂት መጠበቅ ይገባል።

ሦስተኛው ጥላና ድምፅ ነው። ዓሣ በመሬት በኩል የሚመጣን ንዝረት ይሰማል። ስለዚህ ቀስ ብሎ መራመድ፣ ፀሐይንም ከጀርባ አድርጎ ጥላን በውሃው ላይ አለማሳረፍ ይመከራል።

ማባበያው እንደ ዓሣው ይለያያል። ለአዳኝ ዓሣ ትንሽ ቆሮሶ፣ ለአምባዛ ሽታው የሚስብ የዓሣ ወይም የዶሮ ሆድ ዕቃ፣ ለቆሮሶ ደግሞ የምድር ትል ወይም የተቦካ ሊጥ ይስማማል። የናይል ፐርች አፍ እንደ ሞረድ ሻካራ፣ የስንጥቡ ክዳንም ስለታም በመሆኑ ከመንጠቆው በላይ ያለው የገመድ ክፍል ወፍራም መሆን አለበት።

ያለ ዘንግ፣ በእጅ ገመድ ብቻ የሚያጠምድ ሰው አንድ ነገር መዘንጋት የለበትም፤ ገመዱን በመዳፉ ወይም በእጅ አንጓው ላይ ፈጽሞ መጠምጠም የለበትም። ትልቅ ዓሣ ሲጎትት ጣትን ሊቆርጥ፣ ሰውንም ውሃ ውስጥ ሊጥል ይችላል። ገመዱን በእንጨት ወይም በባዶ ጠርሙስ ላይ መጠምጠም ቀላልና አስተማማኝ ነው። አምባዛን ሲይዙ ደግሞ በደረቱ ግራና ቀኝ ካሉት እሾሆች መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

ሰማዩ ጠርቶ ሳለ የሚመጣ ጎርፍ

ከሁሉ የከፋው አደጋ ደራሽ ውሃ ነው። እንግሊዛዊው አሳሽ ሳሙኤል ቤከር እአአ በ1861 የሰኔ ወር በአትባራ ወንዝ ዳር ሰፍሮ ነበር። ወንዙ ደርቆ ኩሬዎች ብቻ ቀርተውበት ስለነበር በእነርሱ ውስጥ ዓሣ ያጠምድ ነበር። አንድ ሌሊት ከሩቅ የሚመጣ ነጎድጓድ የመሰለ ድምፅ ተሰማ። ድምፁ የዝናብ አልነበረም፤ የመጣው ወንዙ ራሱ ነበር። ሲነጋ ከ450 ሜትር በላይ ስፋት ያለውና ጥልቀቱ ከ4 ሜትር የሚበልጥ ውሃ ይፈስ እንደነበር ጽፏል።

ቤከር በዚያው ጉዞው በሰቲት፣ በራሃድና በዲንደር ወንዞችም ተዘዋውሯል፤ የዓባይን ዓመታዊ ሙላት የሚያመጡት ከኢትዮጵያ የሚወርዱት ወንዞች መሆናቸውን ካስረዱት አንዱ ነው። ለአጥማጁ ትምህርቱ ግልጽ ነው። ዝናቡ የሚጥለው በብዙ ኪሎ ሜትሮች ርቀት ላይ በመሆኑ በሀዋታ ሰማይ ላይ ደመና አለመኖሩ ዋስትና አይሆንም።

ከግንቦት መጨረሻ ጀምሮ በአሸዋው ላይ አለመተኛት፣ የመውጫ መንገድን አስቀድሞ መለየት፣ ውሃው በድንገት ከደፈረሰ ወይም ቅጠልና ጭራሮ ይዞ ከመጣ ዕቃን ትቶ ወደ ከፍታ መውጣት ሕይወት ያድናል። እግሩ እንደ ወጣትነቱ ለማይታዘዝለት አዛውንት ይህ እጥፍ ጥንቃቄ የሚሻ ጉዳይ ነው።

አዞ፣ ቀንድ አውጣና የአሸዋ ዝንብ

ኩሬው ሲጠብ ዓሣው ብቻ ሳይሆን አዞውም አብሮ ይሰበሰባል። ከውሃው ጠርዝ ጥቂት ሜትሮች ርቆ መቀመጥ፣ ዓሣን በውሃው አፍ ላይ አለማጠብና ሆድ ዕቃውን እዚያው አለመጣል የመጀመሪያዎቹ ጥንቃቄዎች ናቸው።

ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች በረጋና ሣር ባለበት ውሃ ይኖራሉ። ከእነርሱ የሚወጣው ጥቃቅን ተህዋስ ቆዳን በስቶ ይገባል። በእኩለ ቀን ብርሃን ብዛቱ ስለሚጨምር በዚያ ሰዓት በእግር ውሃ ውስጥ መግባት አይመከርም። ሽንቱ ወይም ዓይነ ምድሩ ላይ ደም ያየ ሰው ሊመረመር ይገባል፤ በሽታው ፕራዚኳንቴል በተባለው መድኃኒት ይታከማል።

ገዳሪፍ፣ እንዲሁም በድንበሩ ማዶ መተማና ሑመራ፣ ካላዛር በብዛት ከሚታይባቸው የምሥራቅ አፍሪካ አካባቢዎች መካከል ናቸው። በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ በበጋ በሚሰነጣጠቀው ጥቁር አፈርና በግራር ዛፎች ሥር ትራባለች። በብዛት የምትናከሰው ከምሽት እስከ ንጋት ሲሆን፣ ከመጋቢት እስከ ሰኔ ባሉት ወራት ትበዛለች። ጊዜውና ቦታው ከዓሣ አጥማጁ ጋር ይገጥማል ማለት ነው።

ስለዚህ አመሻሽ ላይ ከግራር ሥር መቀመጥን መተው፣ ረጅም እጅጌና ሱሪ መልበስ፣ ውጭ የሚያድር ሰውም በመድኃኒት የተነከረ አጎበር መጠቀም ይኖርበታል። ከ2 ሳምንት በላይ የዘለቀ ትኩሳት፣ መክሳትና የሆድ ማበጥ ከታየ ወደ ሕክምና መሄድ ነገ የሚባል አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ይህ በሽታ ካልታከመ ከ100 ሕሙማን ከ95 በላይ የሚሆኑትን ይገድላል።

ጦርነቱ ያመጣው ሌላም ስጋት አለ። ውጊያ በተካሄደባቸው ስፍራዎች በወንዝ ዳር የሚታይ እንግዳ ብረት መነካት የለበትም።

የተያዘው ዓሣ እንዳይበላሽ

በምሥራቅ ሱዳን ሙቀት ዓሣ ለመበላሸት ጥቂት ሰዓታት ይበቁታል። እንደተያዘ ስንጥቡንና ሆድ ዕቃውን ማውጣት፣ በንጹሕ ውሃ ማጠብ፣ ከዚያም በረጠበ ጆንያ ጠቅልሎ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ሥር ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ለነገ የሚቆየው ለሁለት ተሰንጥቆ በጨው ታሽቶ ይደርቃል። ‘ፈሲኽ’ የሚባለው የሱዳናውያን በጨው የሚብላላ ዓሣም ከዚሁ ችግር የተወለደ መላ ነው፤ በደንብ ካልተዘጋጀ ግን ሊመርዝ ስለሚችል የማያውቅ ሰው ባይሞክረው ይመረጣል።

ለከርሞ ማስተረፍ

እየጠበበ በሚሄድ ኩሬ ውስጥ እስከ ሰኔ በሕይወት የሚቆዩት ዓሣዎች ለቀጣዩ ዓመት ዘር ናቸው። ቀዳዳው ጠባብ የሆነ መረብ ጫጩቶችን ጭምር ጠራርጎ ያወጣል። በኢትዮጵያ ከጥንት ጀምሮ የሚታወቀው የብርብራ ፍሬ ደግሞ ከዚህም ይብሳል። በውስጡ ያለው ሮቴኖን የዓሣውን ትንፋሽ ስለሚያውክ ትልቁንም ትንሹንም ሳይለይ ይፈጃል።

መንጠቆ ግን መምረጥ ያስችላል። ሴቷ ቆሮሶ እንቁላሎቿንና ጫጩቶቿን በአፏ ይዛ ታሳድጋለች። ጫጩት ከአፏ ሲወጣ የታየችን ቆሮሶ ወዲያው ወደ ውሃው መመለስ ከብዙ ዓሣዎች አንዷን ብቻ መተው አይደለም።

ቀኑን ቅርጽ ማስያዝ

የዓለም ጤና ድርጅት ዕድሜያቸው ከ65 በላይ የሆኑ ሰዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ የሰውነት እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። ወደ ኩሬው 15 ደቂቃ ፈጠን ብሎ ተራምዶ የሚሄድና እንዲሁ የሚመለስ ሰው በሳምንት 5 ቀን ከወጣ ይህን መጠን ይሞላል።

ይሁንና ሙቀት አዛውንትን ቶሎ ይጎዳል፤ በተለይ የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ፈሳሽ ሊያጥራቸው ይችላል። የመጠጥ ውሃ መያዝ፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት በፊት ወደ ጥላ መመለስ፣ የት እንደሚሄዱ ለቤተሰብ ተናግሮ መውጣት ይገባል።

ከሁሉም በላይ ብቻን አለመሄድ ነው። ድንበሩን የሚጋሩት ሕዝቦች የቡናቸውን ዕቃ በአንድ ስም ‘ጀበና’ ብለው ይጠራሉ። ከካርቱምና ከገዚራ ተፈናቅሎ ገዳሪፍ የደረሰ የቀድሞ መምህር፣ ከኢትዮጵያ ተሰዶ እዚያው ያረጀ ገበሬና የሀዋታ ተወላጅ የሆነ የባቡር ሠራተኛ በአንድ ጀበና ዙሪያ ሊቀመጡ ይችላሉ። መንጠቆው ባዶውን ቢመለስ እንኳ ጓደኛ ያለው ሰው እግሩ ቢንሸራተት የሚያነሳው፣ ትኩሳቱ ቢሰነብት ‘ተመርመር’ የሚለው አያጣም።