ሕግ አስከባሪው ሕግ ሲጥስ

በጥር 1919 እ.ኤ.አ. ሦስት የቻይና ዲፕሎማቶች ዋሽንግተን ውስጥ ተገደሉ። ፖሊስ አንድ የታመመ ቻይናዊ ወጣት ከኒውዮርክ አምጥቶ ሆቴል ውስጥ ዘጋበት። መታሰሩን አልነገረውም፤ ዳኛ ፊትም አላቀረበውም። መርማሪዎች እየተፈራረቁ ቀንና ሌሊት አጣደፉት፤ አንድ ሌሊት ግድያው በተፈጸመበት ቤት አሳደሩት። ሲደክም አመነ፤ ሞት ተፈረደበት። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1924 ፍርዱን ሻረው፤ ወጣቱም በኋላ ነጻ ወጣ።

ይህን ዓይነቱን ምርመራ አሜሪካኖች «ሦስተኛው ደረጃ» ይሉት ነበር። እንቅልፍ መንሳት፣ ዓይን ላይ መብራት መደገን፣ ሰንበር በማይተው የጎማ ቱቦ መደብደብ የተለመደ ነበር። የፖሊስ አዛዦችን የጠየቀ ግን «እኛ ዘንድ የለም» ከሚል ሌላ መልስ አያገኝም ነበር።

ፕሬዚዳንት ኸርበርት ሁቨር በ1929 የወንጀልንና የሕግ ማስከበርን ጉዳይ የሚያጠና ኮሚሽን አቋቋሙ፤ ሰብሳቢው የቀድሞው ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ጆርጅ ዊከርሻም ነበሩ። የሕዝቡ ጆሮ ኮሚሽኑ ያኔ በሥራ ላይ ስለነበረው የአልኮል መጠጥ ክልከላ በሚለው ላይ ነበር። ኮሚሽኑ ካወጣቸው 14 ሪፖርቶች ትልቁ ቁም ነገር ግን 11ኛው፣ በሕግ ማስከበር ውስጥ ስላለው ሕገ ወጥነት የተጻፈው ነው።

ጸሐፊዎቹ ሦስት የሕግ ሰዎች ናቸው፤ ዘካርያ ቼፊ፣ ዋልተር ፖላክ እና ካርል ስተርን። የእስረኛ እሮሮ ብቻ ይዘው ቢቀርቡ «ወንጀለኛ ምን ይላል?» ተብሎ ይታለፍ ነበር። ስለዚህ የይግባኝ መዛግብትን አገላበጡ። ዳኞች መርምረው «ተፈጽሟል» ያሉትን ድብደባ ማን ይክዳል? ያኔም የካዱ አዛዦች ነበሩ።

የሙያ አጋሮቻቸውንም አልማሩም፤ እኔ በጣም የማከብራቸው በዚህ ነው። የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር በ1908 ያጸደቀው የሥነ ምግባር ደንብ የዐቃቤ ሕግ ተቀዳሚ ግዴታ ማስፈረድ ሳይሆን ፍትሕ መፈጸሙን ማየት ነው ይላል። ከ23 ዓመት በኋላ የወጣው ይህ ሪፖርት ግን ተከሳሽን ስለሚበድሉ ዐቃብያነ ሕግ ብዙ ገጽ አለው።

ሪፖርት በራሱ ማንንም አያስገድድም። ቢሆንም በ1936 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ በሚሲሲፒ ተገርፈው ባመኑ ሦስት ጥቁር ገበሬዎች ላይ የተላለፈውን የሞት ፍርድ በሙሉ ድምፅ ሻረ። በአሜሪካ ፊልሞች ፖሊስ ሰው ሲይዝ «ዝም የማለት መብት አለህ» ሲል ሰምታችሁ ይሆናል። ያ ማስጠንቀቂያ የመጣው በ1966 ከተሰጠው የሚራንዳ ውሳኔ ሲሆን፣ ውሳኔው የዊከርሻምን ሪፖርት በስም ይጠቅሳል።