ቀንድ አውጣ የጽዳት ሠራተኛ አይደለም፤ አዲስ አኳሪየምና የቆዩ እምነቶች

አዲስ አኳሪየም የገዛ ሰው ከሚሰማቸው የመጀመሪያ ምክሮች አንዱ ስለ ቀንድ አውጣ ነው። «ዓሣውን ለጊዜው ተወው፤ መጀመሪያ ቀንድ አውጣ ጨምርበት። ውሃውን ያጠራልሃል። ደግሞም እሱ በቀላሉ አይሞትም» ይሉታል። ሰውየው ሐረር ውስጥ ከሆነ አንድ ቅጥያ መከተሉ አይቀርም፤ «ገንዘብ ለምን ታወጣለህ? ሐረማያ ሐይቅ ዳር ወይም ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ ጅረት ለቅመህ አምጣ።» ከነዚህ ምክሮች የመጀመሪያው ግማሽ እውነት ነው። ሁለተኛው ስህተት ነው። ሦስተኛው ግን ሰው ያሳምማል።

ውሃ ያጠራል የሚለው እምነት ከባዶ ሜዳ የበቀለ አይደለም። በ1849 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሮበርት ዋሪንግተን የተባለ የለንደን ኬሚስት ሁለት ትንንሽ ወርቃማ ዓሣዎችንና ቫሊስኔሪያ የሚባል የውሃ ተክልን አንድ ገንዳ ውስጥ አኖረ። ለጥቂት ጊዜ ሁሉም ደህና ነበር። ኋላ የረገፉት ቅጠሎች መበስበስ ጀመሩና ውሃው ደፈረሰ። ዋሪንግተን አምስት ስድስት የኩሬ ቀንድ አውጣዎች ጨመረ። እነሱ የበሰበሰውን በሉ፣ እንቁላላቸውን ዓሣዎቹ በሉ፣ ውሃውም ጠራ። በ1850 ውጤቱን ለአገሩ የኬሚስትሪ ማኅበር አቀረበ፤ ዓሣ፣ ተክልና ቀንድ አውጣ ተደጋግፈው ይኖራሉ የሚለው ሐሳብም ከዚያ ወዲህ በአኳሪየም ወዳጆች ዘንድ ሥር ሰደደ።

ዋሪንግተን ያላየው አራተኛ ነዋሪ ነበር፤ በዓይን አይታይምና። የሚገርመው፣ ይህን ነዋሪ ከተከታተሉት ሳይንቲስቶች አንዱ የገዛ ልጁ መሆኑ ነው። የአባቱን ስም የወረሰው ሮበርት ዋሪንግተን ከ1870ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በእንግሊዝ የሮታምስቴድ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ሲሠራ አሞኒያ ወደ ናይትሬት የሚለወጠው በአንድ ጊዜ ሳይሆን በሁለት ደረጃ፣ በተለያዩ ደቂቅ ሕዋሳት (ባክቴሪያዎች) መሆኑን አሳየ። አንዱ ወገን አሞኒያን ናይትራይት ያደርጋል፣ ሌላው ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይቀይራል። አሞኒያና ናይትራይት በጥቂቱም ቢሆን ለዓሣ መርዝ ናቸው፤ ናይትሬት ግን መጠኑ እጅግ ካልበዛ ብዙ አይጎዳም። የአኳሪየም ሰዎች «ገንዳው ዑደቱን ይጨርስ» ሲሉ እነዚህ ደቂቃን በፊልተሩ ስፖንጅና በጠጠሩ ላይ ተራብተው ሁለቱን ሥራዎች ሙሉ በሙሉ እስኪረከቡ መጠበቅን ማለታቸው ነው። ለብዙ ዘመን ሁለተኛውን ሥራ የሚሠራው ናይትሮባክተር የተባለው ባክቴሪያ ነው ሲባል ኖሯል። በ1998 የወጣ ጥናት ግን በጨዋማ ባልሆነ አኳሪየም ውስጥ ሥራው በዋናነት ናይትሮስፒራ የተባለው የሌላ ባክቴሪያ መሆኑን አመልክቷል።

ታዲያ ቀንድ አውጣው የት ይገባል? ከሠራተኞቹ ጎን ሳይሆን ከአቆሻሾቹ ጎን። የተረፈ ምግብና የሞተ ቅጠል ይበላል፣ መስታወት ላይ የበቀለውን አረንጓዴ ይልሳል፤ ይህ እውነት ነው። የበላው ግን አይጠፋም። ከፊሉ ኩስ ሆኖ ጠጠር ላይ ይወርዳል፣ የሰውነቱ ናይትሮጅን ደግሞ በአብዛኛው አሞኒያ ሆኖ ወደ ውሃው ይወጣል። ስለዚህ ቀንድ አውጣ የገባበት ገንዳ ለዓይን እየጠራ፣ በውሃ ምርመራ ግን እየከፋ ሊሄድ ይችላል። ጥራትና ንጽሕና አንድ አይደሉም፤ አሞኒያ ቀለም የለውም።

አዎ፣ ያ አሞኒያ ለባክቴሪያዎቹ ምግብ ነው፤ ቀንድ አውጣ ዑደቱን «ያስጀምራል» የሚሉት ከዚህ ተነሥተው ነው። ግን አንድ ሁለት ትንንሽ ቀንድ አውጣዎች የሚያወጡት አነስተኛ ነው፤ ብዙ ከተጨመሩ ደግሞ ራሳቸው ባወጡት መርዝ ውስጥ ይቀመጣሉ። ባዶ ገንዳ ውስጥ በየቀኑ ቆንጠር የተደረገ የዓሣ ምግብ ጥሎ እንዲበሰብስ መተው ያንኑ ሥራ ይሠራል፤ የሚሰቃይ ፍጥረትም የለበትም።

አይሞትም ለሚለው ዝና ምክንያቱ አለው። እንደ ፊዛ ያሉ ትንንሽ የኩሬ ቀንድ አውጣዎች በሳንባ መሰል አካል ከውሃው በላይ ያለውን አየር ስለሚተነፍሱ ዓሣ የሚታፈንበትን ውሃ ይችላሉ። አንዷ ፊዛ ብቻዋን እንቁላል መጣል ስለምትችል ከተክል ጋር ሳትታይ ገብታ በሳምንታት ውስጥ ትበዛለች። ይህን ያየ ሰው ሁሉም ቀንድ አውጣ እንዲሁ ነው ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። በገንዘብ የሚገዙት ትልልቆቹ ግን እንዲህ አይደሉም። ውሃው ሲከፋባቸው ምልክት ይሰጣሉ። ቅርፊታቸው ክዳን ያለው ክዳናቸውን ጥርቅም አድርገው ወለል ላይ ይተኛሉ፤ ሌሎቹ ከውሃው መስመር በላይ ወጥተው መስታወቱ ጫፍ ላይ ይለጠፋሉ። ባለቤቱ «ሽርሽር ወጥቷል» ይላል፤ እንስሳው ግን እየሸሸ ነው። ከሞተ ደግሞ የአንድ ትልቅ ቀንድ አውጣ ሥጋ ሳይታይ ቅርፊቱ ውስጥ በስብሶ በትንሽ ገንዳ ላይ የአሞኒያ ጎርፍ ይለቃል። ተኝቷል ወይስ ሞቷል ለሚል ጥርጣሬ አውጥቶ ማሽተት በቂ ነው፤ የሞተ ቀንድ አውጣ ሽታ አያሳስትም።

የሐረር ውሃና አየርም የራሱ ጠባይ አለው። የሐረማያ ሐይቅ በአንድ ወቅት ከደረቀ በኋላ ከተማዋ ከድሬዳዋ አቅጣጫ በቧንቧ በሚመጣ የከርሰ ምድር ውሃ ላይ ተደግፋለች። ያ አካባቢ የኖራ ድንጋይ አገር ነው፤ ማንቆርቆሪያ ሥር የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት ምስክር ነው። ካልሲየም የበዛበት ውሃ ለዓሣ መጥፎ ነው ብለው ጣሪያ ላይ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ የሚመርጡ አሉ። ለቀንድ አውጣ ነገሩ ተቃራኒ ነው፤ ካልሲየም የሌለበት አሲዳማ ውሃ ቅርፊቱን እየበላ ያሳሳዋል። ጠንካራ ውሃ የራሱ መዘዝ የለውም ማለት ግን አይደለም። እንዲህ ያለ ውሃ ፒኤቹ ከፍ ይላል፤ በ20 ዲግሪ ሙቀት ፒኤች 7 ላይ ከጠቅላላው አሞኒያ መርዛማ ቅርጽ ያለው 0.4 በመቶ ያህል ሲሆን፣ ፒኤች 8 ላይ ወደ 4 በመቶ ይጠጋል። ያው የምርመራ ቁጥር እዚህ አሥር እጥፍ ያህል ይከፋል ማለት ነው።

ከፍታውም ይቆጠራል። ሐረር ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,885 ሜትር ላይ ስለተቀመጠች ውሃዋ የሚይዘው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ካለ ተመሳሳይ ሙቀት ካለው ውሃ በአምስተኛ እጅ ያህል ያንሳል። ባክቴሪያዎቹ ደግሞ ኦክስጅን ፈላጊ ናቸው፤ መብራት ለሰዓታት ሲጠፋና ፊልተሩ ሲቆም እነሱም ይታፈናሉ። ሌሊቱም ቀዝቃዛ ነው። ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት የሚባለው የዑደት ጊዜ ለሞቀ ውሃ የተነገረ ነው፤ ማሞቂያ በሌለው ገንዳ ከዚያም ሊረዝም ይችላል። ከሮቶ ወይም ከጀሪካን የሚቀዳ ውሃ ክሎሪን ካለው አፉን ከፍቶ አንድ ቀን ማሳደር ይጠቅማል፤ ለመጠጥ ተብሎ «ውሃ አጋር» የተጨመረበት ውሃ ግን ገንዳ ውስጥ ባይገባ ይመረጣል፤ ጀርም ገዳይ ለባክቴሪያዎቹ አይራራምና።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ። ከጅረት ወይም ከሐይቅ ዳር የተለቀመ ቀንድ አውጣ ቤት መግባት የለበትም። በኢትዮጵያ የአንጀት ቢልሃርዚያ የተባለውን በሽታ የሚያስተላልፈው ባዮምፋላሪያ የተባለ ቀንድ አውጣ ነው። ቅርፊቱ እንደ በግ ቀንድ በጠፍጣፋው የተጠቀለለ፣ ስፋቱ አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። አኳሪየም ወዳጆች በፍቅር ከሚያረቡት ጠፍጣፋ ዝርያ ጋር የአንድ ቤተሰብ ስለሆነ በዓይን መለየት ለባለሙያም አስቸጋሪ ነው። በሽታው በጣና፣ በዝዋይና በሐዋሳ ሐይቆች ዙሪያ የታወቀ ነው፤ በምሥራቅ ሐረርጌም በትምህርት ቤት ልጆች ላይ ተመዝግቧል።

«ንጹሕ ይመስላል፣ ታጥቧል» የሚለው መከራከሪያ እዚህ አይሠራም። በሽታውን የሚያመጣው ጥገኛ ተሕዋስ ያለው ቅርፊቱ ላይ ሳይሆን ሥጋው ውስጥ ነው። የተያዘ ቀንድ አውጣ በቀን በመቶዎች፣ አንዳንዴም በሺዎች የሚቆጠሩ እጮችን ወደ ውሃ ይለቃል፤ ይህንንም በብዛት የሚያደርገው ብርሃን ሲያገኝ ነው። አኳሪየም ደግሞ መብራት ያለው፣ ባለቤቱ በየሳምንቱ እጁን እስከ ክንዱ የሚነክርበት ዕቃ ነው። እጮቹ በደቂቃዎች ውስጥ ጤናማ ቆዳ ሰርስረው ይገባሉ። ቀንድ አውጣ ይህን ይዞ አይወለድም፣ በእንቁላልም አይወርሰውም፤ የሚያዘው በሰው ዓይነ ምድር ከተበከለ ውሃ ነው። በገንዳ ውስጥ ተረብቶ ያደገውን ከጅረቱ የሚለየውም ይኸው ነው።

«የመጣው መጥቶ እንዶድ ይገድለዋል» የሚልም አይጠፋ። እንዶድ ቀንድ አውጣ መግደሉ እውነት ነው፤ ያረጋገጠውም ኢትዮጵያዊ ነው። በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች በወንዙ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አገኘ። በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበለ፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው የፓቶባዮሎጂ ተቋምም ዛሬ በስሙ ይጠራል። ነገር ግን ቀንድ አውጣውን የሚገድለው የእንዶድ አረፋ ዓሣንም ይገድላል። መዳብ ያለባቸው የዓሣ መድኃኒቶች ደግሞ ዓሣውን አድነው ቀንድ አውጣውን ይፈጃሉ። ገንዳ ውስጥ ሁለቱም አቋራጮች አያዋጡም።

ሐረር ውስጥ አኳሪየም የሚጀምር ሰው ቀንድ አውጣ አያስገባ ማለት አይደለም። ምርመራው አሞኒያና ናይትራይትን ዜሮ ካሳየ በኋላ፣ በሰው እጅ ተረብቶ ያደገ አንድ ወይም ሁለት ይግባ፤ ከበዙም ምግብ ይቀነስ እንጂ ወደ ጅረት አይደፉ። ከጅረት ያመጣ ካለ ደግሞ እጁን ወደ ገንዳው መንከሩን አሁኑኑ ያቁምና ጤና ጣቢያ ሄዶ ለሐኪም ይንገር። የተሕዋሱ እንቁላል በዓይነ ምድር ምርመራ የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ስለሆነ የመጀመሪያው ውጤት ነጻ ቢል እንኳ ከሁለት ወር በኋላ መድገም ያስፈልጋል። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ይባላል፤ በኢትዮጵያ ከ2015 ጀምሮ በሽታው ባለባቸው ወረዳዎች ለትምህርት ቤት ልጆች በዘመቻ የሚታደለው እሱ ነው።