ሞተሩ ፈላ፤ ይታደስ ወይስ ይቀየር?

ከጎሐ ጽዮን ወርዶ ወደ ደጀን የወጣ ሰው ያንን ትዕይንት ያውቀዋል፦ ዳገቱ መሃል ኮፈኑን ከፍቶ በእንፋሎት የሚታጠን መኪና፣ አጠገቡ ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ይዞ የቆመ ሹፌር። ባለፈው ዓመት ያ ሹፌር እኔ ነበርኩ። አሮጌ ኮሮላዬን አስጎትቼ ጋራዥ ሳደርስ መካኒኩ ሞተሩን መታ መታ አደረገና፣ «ጋሼ፣ ይሄ አብቅቶለታል። ሶማሌ ተራ ሙሉ ሞተር ላፈላልግልዎት?» አለኝ። ገና አንድ ቡሎን አልፈታም።

ነገሩ የሚገባን ከወጥ ቤት ብንጀምር ነው። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ባቄላ አልበስል የሚለንም ለዚህ ነው። ፕሬዠር ድስት እንፋሎቱን ስለሚያፍነው ውሃው ሳይፈላ ከዚያ በላይ ይሞቃል። ራዲያተርም የታፈነ ድስት ነው። ጤነኛ ሞተር በ90 ዲግሪ አካባቢ ይሠራል፤ ክዳኑ 1 ባር ያህል ግፊት ከያዘለት ውሃው እዚህ ከፍታ ላይ እንኳ እስከ 115 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ይቆያል። የክዳኑ ጎማ ደርቆ ግፊቱ ካመለጠ ግን ጉድ ነው። ጅቡቲ ወደብ ላይ ያለ መኪና እንዲህ ያለ ክዳን ይዞም 10 ዲግሪ ያህል መፈናፈኛ ይኖረዋል፤ የአዲስ አበባው ያለው 2 ዲግሪ ብቻ ነው። ምንም ያልታመመ ሞተር በክዳን የተነሳ ይፈላል ማለት ነው።

መቼ እንደሚሞቅ ማስተዋልም ግማሽ ምርመራ ነው። መንገድ ተዘግቶ ሲቆም ብቻ ከሞቀ ቬንትሌተሩን ተጠራጠሩ። ዳገት ላይ ወይም በፍጥነት ሲነዳ ብቻ ከሆነ፣ ለዓመታት የቧንቧ ውሃ ሲሞላበት የኖረው ራዲያተር በዝገትና በደለል ተደፍኖ ሊሆን ይችላል። «ለእኛ አገር አያስፈልግም» እየተባለ ተነቅሎ የሚጣለው ተርሞስታትም አለ። ይህን ምክር አልወደውም፤ ሞተሩ በጊዜ ስለማይሞቅ ቤንዚን ይበላል፣ በአንዳንድ ሞተሮች ደግሞ ውሃው ራዲያተሩን ትቶ በአቋራጭ ስለሚዞር ሙቀቱ ጭራሽ ይብሳል።

ሞተር የሚታደስ ወይም የሚቀየር መሆኑን የሚወስነው ከሁሉ በላይ አንድ ጥያቄ ነው፦ ከፈላ በኋላ ስንት ደቂቃ ተነዳ? የእኔ ኮሮላ ብሎክ ብረት፣ ከላዩ የሚታሰረው ቴስታታ አልሙኒየም ነው። አልሙኒየም ሲሞቅ ከብረት እጥፍ ያህል ይለጠጣል፤ በቡሎን ስለተወጠረ መሄጃ ሲያጣ ይጎብጣል። ያኔ በሁለቱ መሃል የተነጠፈው ጓርኒሲዮን ያፈስሳል። ጋዝ ውሃ ውስጥ፣ ውሃ ዘይት ውስጥ ይገባል። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ክዳኑ ተከፍቶ ሲነሳ ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ያለማቋረጥ የሚንተከተከው፣ ዘይቱ ማኪያቶ የሚመስለው፣ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ማርሚታው ነጭ ጭስ የሚያወጣው ለዚህ ነው።

አደገኛው የክሩስኮቱ የሙቀት ቀስት ወደ ላይ ወጥቶ በድንገት ሲወርድ ነው። ሹፌሩ «ተመስገን፣ ቀዘቀዘ» ብሎ ይቀጥላል። አልቀዘቀዘም! ውሃው አልቆ መለኪያው አየር እየለካ ነው። የጎበጠው ቴስታታ ብቻ ቢሆን ይስተካከል ነበር፤ ከዚህ በኋላ የተነዳው እያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ግን ፒስተኑንና ሲሊንደሩን ይቦጫጭቃል። እኔ ቀስቱ እንደወጣ ዳር ይዤ ስላጠፋሁ ተረፍኩ። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አለማፍሰሴም ጠቅሞኛል፤ ቴስታታ በዚያ ይሰነጠቃል።

ስለዚህ መካኒኩን ለመንኩት፦ አትገምት፣ ለካ። ቴስታታው ከመውረዱ በፊት የአራቱ ሲሊንደር ኮምፕሬሽን ይታያል። እዚህ ላይ ከፍታችን እንደገና ይመጣል፤ አየራችን ስስ ስለሆነ ቁጥሩ በመመሪያ መጽሐፍ ላይ ካለው በሩብ ገደማ ቢያንስ አትደንግጡ። ቁም ነገሩ በአራቱ መሃል ያለው ልዩነት ነው፤ በብዙ የቶዮታ ሞተሮች ከ1 ባር ማለፍ የለበትም። ከዚያ ቴስታታው ይወርድና ቀጥ ያለ ብረት ተጋድሞበት ክፍተቱ በስስ መለኪያ ይለካል። በብዙ የቶዮታ ሞተሮች የሚፈቀደው 0.05 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከፀጉር የቀጠነ። የእኔው 0.08 ጎብጦ ተገኘ። ቶርኖ ቤት ሄዶ ተላገ፣ ጓርኒሲዮኑ ተቀየረ፣ ራዲያተሩ ተጠረገ። ሲሊንደሮቹ ጭረት አልነበራቸውም።

ጭረቱ ጥፍር የሚይዝ ቢሆን፣ ብሎኩ ቢሰነጠቅ ወይም ሞተሩ ከታች ማንኳኳት ቢጀምር መካኒኩ ልክ ነበር፤ ቴስታታ ላይ የሚወጣው ገንዘብ ውሃ በላው ማለት ነው። ያኔም ቢሆን ያገለገለ ሞተር ስትገዙ ታሪኩን አታውቁትም፤ እሱም ፈልቶ የተጣለ ሊሆን ይችላል። ሲነሳ ካልሰማችሁት፣ የዘይት ክዳኑን ገልጣችሁ ከሥሩ ነጭ አተላ አለመኖሩን ካላያችሁ አትክፈሉ። ሊብሬው ላይ የሞተር ቁጥር ስላለ ሕጋዊ ሰነዱንም አብራችሁ ተቀበሉ። ደግሞም የተደፈነው አሮጌ ራዲያተር ሳይነካ አዲስ ሞተር ከተገጠመ እሱም ይፈላል።

የእኔ የራዲያተር ክዳን ጎማው እንደ ቆሎ ደርቆ ነበር። ነገ ጠዋት ሞተሩን ሳታስነሱ የእናንተን ፍቱና በጣታችሁ ዳስሱት፤ ከደረቀ ወይም ከተሰነጠቀ የዚያኑ ዕለት ቀይሩት።