ከቻርጅ የተሠራ መዝጊያ

ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ የሚጓዝ ሰው አሰንዳቦ አካባቢ ሲደርስ የግልገል ጊቤን ሰው ሠራሽ ሐይቅ ያያል። ሐይቁ የተፈጠረው እ.ኤ.አ. በ2004 ኃይል ማመንጨት በጀመረው፣ 184 ሜጋ ዋት አቅም ባለው የግልገል ጊቤ ቁጥር 1 ግድብ ነው። እንዲህ ባለ ግድብ የውኃውን መጠን የሚወስኑት የብረት መዝጊያዎች ናቸው። ለመሆኑ፣ ውድ አንባቢያን፣ የቦዩ ስፋት በናኖ ሜትር፣ ማለትም በሜትር ቢሊዮንኛ የሚለካ፣ የሚያልፈውም አዮን ቢሆን መዝጊያው ከምን ይሠራል?

መልሱ ከኤሌክትሪክ ቻርጅ ነው። የመስታወት ዋና ንጥረ ነገር የሆነው ሲሊካ ውኃ ሲነካው ገጹ ኔጋቲቭ ቻርጅ ይይዛል። በዚህም ፖዘቲቭ አዮኖችን ይስባል፤ ኔጋቲቮቹን ይገፋል። ይህ ተጽዕኖ የሚዘልቅበት ርቀት የዴባይ ርዝመት ይባላል። በሊትር 0.001 ሞል የገበታ ጨው ባለው ውኃ ውስጥ 10 ናኖ ሜትር ገደማ ነው። ቦዩ ወደዚህ ልክ ሲጠብ በአብዛኛው የሚያልፉት ፖዘቲቮቹ ይሆናሉ። እ.ኤ.አ. በ2005 በበርክሌይ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 35 ናኖ ሜትር ከፍታ ባላቸው ቦዮች ላይ ቮልቴጅ በመጫን የአዮኖቹን ክምችት እንደ ትራንዚስተር መቆጣጠር እንደሚቻል አሳዩ።

ይህ ለሕክምና ምን ይጠቅማል? ለሚጥል በሽታ የሚዋጥ ኪኒን በደም አማካይነት መላ ሰውነትን ያዳርሳል፤ የሚፈለገው ግን በሽታው በሚነሳበት ጥቂት የአንጎል ክፍል ብቻ ነው። ችግሩ የሰውነት ፈሳሽ ጨዋማ በመሆኑ የዴባይ ርዝመት ከ1 ናኖ ሜትር በታች መውረዱ ነው። ስለዚህ በስዊድን የሊንሾፒንግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና አጋሮቻቸው እ.ኤ.አ. በ2007 ይፋ ባደረጉት የአዮን ፓምፕ ውስጥ፣ በባዶ ቦይ ፈንታ ቻርጅ የታጨቀበት ፖሊመር ተጠቀሙ። ፓምፑ ፈሳሽ ሳያፈስ አዮኖችን ብቻ ስለሚያሻግር በአንጎል ላይ ጫና አይፈጥርም። እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣ ጥናትም በዚህ ዘዴ ጋባ የተባለውን የነርቭ ኬሚካል በመልቀቅ በአይጦች አንጎል የተቀሰቀሰውን የሚጥል በሽታ መግታት ተችሏል። ለሰው ሕክምና ለማዋል ግን ገና ብዙ ምርምር ይጠይቃል።

በቋንቋችን ጅረት የሚለው ቃል ለወራጅ ውኃም ለኤሌክትሪክም ያገለግላል። እዚህ ላይ ሁለቱ ትርጉሞች ይገናኛሉ፤ መድኃኒቱ የሚለቀቅበት ፍጥነት የሚለካው በአምፔር ነውና። 1 ናኖ አምፔርን ለ1.6×10⁻¹⁹ ኩሎምብ ብናካፍል በሰከንድ 6 ቢሊዮን ያህል ባለ አንድ ቻርጅ አዮኖች እናገኛለን። ይህ ቆጠራ የሚሠራው ግን ጅረቱን የተሸከሙት የመድኃኒቱ አዮኖች ብቻ ከሆኑ ነው። ሌሎች አዮኖች ሾልከው ካለፉ አምፔር መለኪያው ያልተሰጠ መድኃኒት ይቆጥራል፤ ሕመምተኛውም ከሚገባው በታች ያገኛል። የመዝጊያው ጥራት የሕይወት ጉዳይ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።